የባለእጁ ቢላዋና የእኛ ቤተ ሙከራ

አረብ ብረት ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «የብረትና የካርቦን ቅይጥ ነው» ብሎ ለመመለስ አይቸገርም። ዩኒቨርሲቲ የገባው ደግሞ የካርቦኑ መጠንና የሙቀቱ ደረጃ ሲለዋወጥ ቅይጡ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በሥዕላዊ መግለጫ ነድፎ ያሳየናል። ይህንኑ ተማሪ በእጅ የተሠራ አንድ የወጥ ቤት ቢላዋ አስይዘን «ይህ ስለት ሥጋ ሲዘለዝል የማይታጠፈው፣ አጥንት ሲነካ ግን የሚሸረፈው ስለምን ነው?» ብንለው ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ቢላዋውን የሠራው ባለእጅ በበኩሉ የትኛው ብረት ስለት እንደሚይዝ፣ መቼ ከእሳት እንደሚወጣ፣ በምን እንደሚበርድ አሳምሮ ያውቃል፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግን ቀርቦ ያስረዳው የለም። ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀበሌ ውስጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። በመኖሪያ ቤት ጓሮ፣ በአንድ ወናፍና በአንድ መዶሻ የሚሠራ ቢላዋ ስለ ብረት ከሚሰጡ ትምህርቶች ሁሉ ለተማሪ የቀረበውና የተሟላው ነው ብለን እናምናለን። በዚያው መጠን የጓሮው ሥራ ከቤተ ሙከራው ሊያገኘው የሚገባና ሳያገኘው የቆየ ነገር አለ። በሁለቱ መካከል የቆመውን አጥር ወደ ኋላ እንመጣበታለን፤ አስቀድመን ወደ ብረቱ እንግባ።

በከተሞቻችን ዙሪያ የሚሠራ ጥሩ ቢላዋ፣ ገጀራ ወይም ማጭድ ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው ከጭነት መኪና ሥር ነው። የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ በየመንገዱ ጉድጓድ ሲረግብና ሲቃና የኖረው ባሌስትራ ሲሰበር ተፈትቶ ይጣላል፤ እንደ አዲስ አበባው ምናለሽ ተራ ባሉ የአሮጌ ብረት መገበያያዎች በኩል አልፎም ከባለእጁ ዘንድ ይደርሳል። ባለእጁ ይህን ብረት የሚመርጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ለባሌስትራ ከሚውሉት የአረብ ብረት ዓይነቶች በሰፊው የሚታወቀው አንዱ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦንና 0.8 በመቶ ያህል ክሮሚየም ይዟል። ለአርማታ የሚውለው ፌሮ ግን ካርቦኑ በአብዛኛው የዚህን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም ዝገት የለበሱ ናቸው። ይሁንና ከፌሮ የተሠራ ቢላዋ የቱንም ያህል ቢሳል ቶሎ ይዶለዱማል፤ ከባሌስትራ የተሠራው ግን በአግባቡ ከተያዘ ስለቱ ይከርማል። ብረቱን በሚሽከረከር መሞረጃ ላይ ነካ አድርጎ የሚፈናጠቀውን ብልጭታ የሚመለከት ሠራተኛ ሁለቱን ለመለየት ኬሚስት አያስፈልገውም። ካርቦኑ ያነሰው ረጅምና ቀጥ ያለ ብልጭታ ያወጣል፤ ካርቦን የበዛበት ደግሞ ጫፉ ላይ ቅርንጫፍ እያበጀ እንደ ኮከብ ይፈነዳል። የሚፈነዳውም በጋለችው ቅንጣት ውስጥ ያለው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው። በዚህች ብልጭታ ውስጥ ስንት የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ እንዳለ መምህራን ያስቡት።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ንግድና ስለ ጋብቻ ሲነገር እንሰማዋለን፤ ስለ ብረት ሲነገር የምንሰማው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ እንመልሰው። በተለመደው የአየር ሙቀት የብረት አቶሞች የሚደረደሩት በኪዩብ ስምንት ማዕዘናትና በኪዩቡ እምብርት ላይ ነው። ንጹሕ ብረት 912 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይህ አደራደር ይፈርስና አቶሞቹ በማዕዘናቱና በስድስቱ ገጾች መካከል ይቀመጣሉ። ካርቦን ሲኖርበት ለውጡ ዝቅ ካለ ሙቀት፣ ከ727 ዲግሪ ይጀምራል። ኦስቴናይት የሚባለው ይህ የጋለ አደራደር ለመዶሻ እሺ ባይ ነው። ከዚህም በላይ እስከ 2 በመቶ ያህል ካርቦን በውስጡ ሊያሟሟ ይችላል። ፌራይት የሚባለው ቀዝቃዛው አደራደር ግን ከ0.02 በመቶ ያህል በላይ ካርቦን አይቀበልም። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ያህል ነው። የቢላዋ ሥራ ምስጢር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ መቶ እጥፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የጋለው ብረት በአመድ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ቢበርድ ካርቦኑ ከአቶሞቹ መካከል ለመውጣት ጊዜ ያገኛል፤ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል፤ ሞረድ በቀላሉ ይበላዋል። በድንገት ቢነከር ግን ካርቦኑ የመውጫ ጊዜ ያጣል። አደራደሩ ሊለወጥ ይገደዳል፤ ካርቦኑ ግን በውስጡ እንደ ታሰረ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ኪዩቡ በአንድ አቅጣጫ ተስቦ ይዛነፋል። ይህ የተዛነፈ አደራደር በጀርመናዊው የብረት ተመራማሪ በአዶልፍ ማርተንስ (እ.ኤ.አ. 1850–1914) ስም ማርቴንሳይት ይባላል። እጅግ ጠጣር ነው። ሞረድ ብናስኬድበት እንደ መስተዋት ላይ ይንሸራተታል። እንደ መስተዋትም ይሰበራል።

በዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል፤ ብዙ በእጅ የተሠሩ ስለቶች የሚበላሹት እዚህ ጋ ነውና። ውኃ በቅርብ የሚገኝ፣ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር በመሆኑ ለመንከሪያነት መመረጡ አያስገርምም። ሆኖም ውኃ ሙቀትን የሚነጥቀው ባሌስትራ ከሚፈልገው በላይ ፈጥኖ ነው። የቢላዋው ስለት ቀጭን፣ ጀርባው ወፍራም በመሆኑ ስለቱ ቀድሞ ይበርዳል። ማርቴንሳይት ሲፈጠር ደግሞ ብረቱ በመጠኑ ይሰፋል፤ ስለቱና ጀርባው በተለያየ ቅጽበት ሲሰፉ እርስ በርሳቸው ይጓተታሉ። ከእንፋሎቱ ሹክሹክታ መካከል «ጠቅ» የምትል ቀጭን ድምፅ የሰማ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ድካሙ መሰንጠቁን ያን ጊዜ ያውቃል። በባሌስትራው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ካርቦኑ ለማምለጥ የሚያደርገውን ጉዞ ስለሚያዘገየው ያን ያህል ጥድፊያ አያስፈልግም፤ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ይበቃዋል። ይህ ለባለእጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል፣ ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ወጥቶ ወደ ጓሮው ለመድረስ መንገድ ያጣ እውቀት ነው።

የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ባለእጆች ብረቱን ከእሳት የሚያወጡበትን ጊዜ የሚወስኑት በቀለሙ ነው፤ ለዚህም ጥላ ያለበት፣ ጨለምለም ያለ ቦታ ይሻሉ። በቀትር ፀሐይ ጥቁር የሚመስለን ብረት በጥላ ሥር ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ይታያልና። ለዓመታት የሠለጠነ ዓይን ለብዙ ሥራ በቂ ነው። ጀማሪ ግን ሌላ ምስክር ያሻዋል፤ ይኸውም ከተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚነቀል ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ በማግኔት መሳቡን ያቆማል። የጋለው ቢላዋ ማግኔቱን አልከተል ካለ ሙቀቱን ጥቂት ብቻ ጨምሮ መንከር ነው፤ ከዚያ አልፎ እየነጣ እንዲሄድ መተው የብረቱን ቅንጣቶች ያሳድጋል፤ ቅንጣቶቹ ሲያድጉም ስለቱ ተሰባሪ ይሆናል። የኪዩሪን ነጥብ በፊዚክስ መጽሐፍ እንደ አንድ ቁጥር የሸመደደ ተማሪ ይህን ቁጥር በፍም ላይ ሲሠራ ቢያየው የማይረሳው ይመስለናል።

ከዘይቱ የወጣው ቢላዋ ገና አላለቀም። ጠጣርነትና ቻይነት አንድ አይደሉም፤ ጠጣሩ ስለት አይጫርም፣ ቻዩ ስለት አይሰበርም፤ ቢላዋ ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ጠጣሩን ብረት እንደገና በመጠኑ አሙቆ ማለዘብ ያስፈልጋል፤ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ። በዚህ ሙቀት ከታሰረው ካርቦን ጥቂቱ ይለቀቃል፤ ብረቱም እፎይ ይላል። ምልክቱ ደግሞ የሚያምር ነው። ተወልውሎ ያበራ ብረት ሲሞቅ ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል፤ ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ የሚንጸባረቁት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ ቀለም ይሰጣሉ። በመጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሐምራዊ፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ። የገለባው ቢጫ ለወጥ ቤት ቢላዋ ይስማማል፤ ሰማያዊው መታጠፍና መቃናት ለሚበዛበት መሣሪያ ይሻላል። የሚገርመው፣ እንጀራ የሚጋገርበት የምጣድ ሙቀት ከዚሁ ከ200 ዲግሪ ብዙ የራቀ አይደለም። ምጣዱን ለዚህ ተግባር ያዋለ ተማሪ ከእናቱ ጋር የሚኖረውን ክርክር ግን እኛ አንገባበትም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በጓሮ ተቀምጦ ሳለ ስለምን ወደ ቤተ ሙከራ ሳይገባ ቆየ? የመሣሪያ እጦት መልስ አይሆንም፤ ማግኔትና ሞረድ ውድ አይደሉም። መልሱ ከብረቱ ውጭ ነው። ቀጥቃጭ በአገራችን ለረጅም ዘመን የተናቀ ሰው ነው። «ጠይብ» የሚለው ቃል በአማርኛ ከሙያ ስምነት ወደ ስድብነት ተሻግሯል። የገበሬው ማረሻ፣ የወታደሩ ጎራዴ፣ የካህኑ መቋሚያ ላይ ያለው ብረት ከእጁ የሚወጣው ሰው በቡዳነት ተጠረጠረ፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል ተባለ። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ቱምቱ፣ በኮንሶ ሐውዳ የሚባሉት ባለሙያዎችም ከገበሬው ተለይተው፣ ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ያ ለቀለም ሲባል የሚጨልም የሥራ ቦታ፣ ከውስጡ የሚወጣው ፍምና ጭስ ለሐሜቱ ሳያግዘው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

ይህ ንቀት አዲስ የተገኘ ነገር አይደለም፤ መንግሥትም ሳያየው የቀረ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አሠሩ፤ በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው የሚነሣው የውጭ አገር ሰዎቹ ናቸው፤ አብረዋቸው የደከሙት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ያለ ስም አልፈዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም የሚመለከት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ዛሬም የባለእጅ ልጅ በመሆናቸው ለጋብቻ የማይፈለጉ ሰዎች ያሉባቸው አካባቢዎች አሉ።

ስለ ንቀት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የሰብአዊ መብት ጉዳይ ነው፤ ትክክልም ነው። እኛ እዚህ የምናነሣው ግን ሌላውን ጉዳቱን ነው። የተናቀ ሰው እውቀቱን ለማን ይሰጣል? ከራሱ ወገን ጋር ብቻ እንዲጋባ የተገደደ ባለሙያ ሙያውን ከልጁ በቀር የሚያወርሰው አያገኝም፤ ልጁም ስድቡን ሸሽቶ ሲሄድ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ምስክር ትሆናለች። ከቤተ እስራኤል ወንዶች ብዙዎቹ ቀጥቃጮች፣ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የመዶሻና የወናፍ እውቀታቸውም አብሯቸው ሄደ። ከእነርሱ መካከል ባሌስትራን በማየት ብቻ የሚለይ፣ የብረትን ቀለም እንደ ፊደል የሚያነብ ስንት ሰው ነበረ? ያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ከወናፉ አጠገብ የተቀመጠ የሳይንስ ተማሪ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ጥያቄ ባልጠየቅን ነበር።

ነገሩ በሌላ ስፍራ በተለየ መንገድ መሄዱን ለማየት ለጥቂት ጊዜ ወደ እንግሊዟ ሸፊልድ እንሻገር፤ እርሷም በቢላዋ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። የስለት መሣሪያ ከሚሠራ ቤተሰብ የተወለደው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ በገዛ ቤቱ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 እና በ1864፣ የተወለወለ አረብ ብረትን በአሲድ አስነክቶ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ያየው የጥቃቅን ክሪስታሎችን ዓለም ነበር፤ የብረትን ውስጣዊ አሠራር በማይክሮስኮፕ የማጥናት ሳይንስ ጅማሬም ይኸው ሆነ። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1913 የብረት አቅላጭ ልጅ የነበረው፣ መደበኛ ትምህርቱን በ12 ዓመቱ ያቋረጠው ሃሪ ብሬርሊ የጠመንጃ አፈሙዝ እንዳይበላ ሲመራመር 13 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለውንና የማይዝገውን ብረት አገኘ። ብረቱ ለቢላዋ ሠሪዎች ሲሰጥ በለመዱት ሙቀት አልጠነክር አላቸው፤ ሰውየውንም የማይቆርጥ ቢላዋ የፈለሰፈ እያሉ ተሳለቁበት። ትክክለኛውን አያያዝ ሞክሮ የደረሰበት ኧርነስት ስቱዋርት የተባለ የቢላዋ ፋብሪካ ኃላፊ ነው። የተመራማሪው ግኝት ያለ ቢላዋ ሠሪው እጅ ከመሳቢያ ባልወጣ ነበር። ከሸፊልድ የምንቀናበት ነገር ሀብቷ አይደለም። ተመራማሪውና ባለእጁ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለመቀመጥ የማይተፋፈሩ መሆናቸው ነው።

በእጅ የተሠራ ሁሉ ከፋብሪካው ይበልጣል የሚል ወሬ እየበዛ ነው፤ በዚህ አንስማማም። በውኃ የተሰነጠቀ፣ ሳይለዝብ የተሸጠ ቢላዋ በእጅ ስለ ተሠራ ብቻ ክብር አይገባውም። «ከውጭ የሚመጣው አብረቅራቂ ቢላዋ በርካሽ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» ለሚሉንም መልስ አለን። ማብረቅረቅ የክሮሚየም ሥራ ነው፤ ስለት መያዝ በዋናነት የካርቦንና የሙቀት አያያዝ ሥራ ነው። በቂ ካርቦን የሌለው የማይዝግ ብረት እንደ መስተዋት ቢያበራም ቲማቲም ሲያይ ይሸሻል። ደግሞስ የአካባቢውን አፈርና እህል አይቶ ማጭዱንና ማረሻውን የሚያድሰው ማን ሊሆን ነው?

በየትምህርት ቤቱ ያሉ የሳይንስ ክበባት ሊጀምሩት የሚችሉትን አንድ ሙከራ እንጠቁም። ከአንድ ባሌስትራ አራት እኩል ቁራጮች ይቆረጡ፤ ሁሉም ማግኔት እስኪያጡ ድረስ ይጋሉ። አንዱ በአመድ ቀስ ብሎ ይብረድ፣ ሁለተኛው በውኃ፣ ሦስተኛውና አራተኛው በዘይት ይነከሩ፤ አራተኛው ብቻ በ200 ዲግሪ ይለዝብ። ከዚያ እያንዳንዱ በሞረድ ይፈተሽ፤ በሞርሳ ተይዞም በመዶሻ ይመታ። የአመዱ ይታጠፋል፤ የውኃው ሳይመታም ተሰንጥቆ ሊገኝ ይችላል፤ የዘይቱ ጠጣር ነው፣ ግን በምቱ ሊሰበር ይችላል፤ የለዘበው በመጠኑ ጎብጦ ይመለሳል። ስብርባሪው እንደ ጥይት ስለሚፈናጠር የዓይን መከላከያ ያላደረገ ሰው እንዳይጠጋ፤ ቁራጮቹ ሲመቱ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈኑ። ዘይት ሲነከርበት በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል መክደኛው በቅርብ ይሁን፤ በተያያዘ ዘይት ላይ ውኃ ፈጽሞ አይደፋ። ዚንክ የተለበጠ ብረትም ከእሳቱ እንዳይገባ፤ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ሥራው ያለ መምህርና ያለ ባለእጅ አይጀመር።

ባለእጅ ስንል ደግሞ የሰፈሩን ባለእጅ ማለታችን ነው። ቀን ተቆርጦ፣ የሚያጣው የሥራ ጊዜ በገንዘብ ተተምኖ ይጋበዝ እንጂ ለውለታ አይጠራ። ተማሪዎቹ ማግኔታቸውን ያሳዩት፤ እርሱም ቀለሙን ያስነብባቸው፤ ሁለቱ ሲለያዩ ማን ትክክል እንደ ሆነ ሞረዱ ይፍረድ። የሙከራው ዘገባ ሲጻፍ የመምህሩና የተማሪዎቹ ስም በሚሰፍርበት በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ የባለእጁም ስም ከነአባቱ ይስፈር።